ከብርጭቆው አንድ ፍሬ አይቀርም

ዲላ ውስጥ የጀሚሊያን ጁስ ቤት ለማግኘት አድራሻ አያስፈልግም። ከመናኸሪያው ወጥቶ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት የተራመደ ሰው፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ማዶ፣ ደጁ ላይ አቮካዶ የተቆለለበት ጠባብ ቤት ያገኛል። አቮካዶ ያልተቆለለበት ደጅ ዲላ ውስጥ የታለና ለሚል ደግሞ ሌላ ምልክት አለ፤ ባለቤቲቱ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ያልጠየቃትን ሰው ስትመክር ትሰማለች። ማንጎ ያዘዘው ሰው ካሳለ ማንጎውን ትታ ስለ ዝንጅብል ትነግረዋለች። ፊቱ የገረጣ ተማሪ ከገባ ቁርስ መብላቱን ሳታረጋግጥ ብርጭቆ አታነሳም። ባሏ ኸድሩ፣ ጀሚሊያ የምትሸጠው ምክር ነው፣ ጁሱ ምርቃት ነው ይላል። አልተሳሳተም። ይህን የሚለው ግን አይሱዙውን አስነስቶ፣ ከተማውን ለቆ ከወጣ በኋላ፣ ለረዳቱ ነው።

ጀሚሊያ ዲላ የገባችው በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ከስልጤ፣ ከወራቤ አካባቢ፣ ሙሽራ ሆና ነው። ይዛ የመጣችው አንድ ሻንጣ ልብስ፣ ጥቂት የገበያ አማርኛና ከእናቷ የወረሰችው አንድ ሕግ ነበር። ሕጉ ስለ ሮማን ነው። በእናቷ ቤት ሮማን ሲፈለፈል ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል። የድሮ ሰዎች እንደሚሉት ከእያንዳንዱ ሮማን ውስጥ አንዷ ፍሬ ከጀነት የመጣች ናት፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ አንዲት ፍሬ መሬት አትወድቅም። አንዲት ፍሬ ሳህን ላይ አትቀርም። አንድ ሮማንም ለሁለት ሰው አይከፈልም፤ የጀነቷ ፍሬ ለማን እንደደረሰች አይታወቅማ። ልጆቹ ስምንት፣ ሮማኑ ሁለት የሆነ ዕለት እናቷ ምን ታደርግ እንደነበር ጀሚሊያን እስካሁን የጠየቃት ሰው የለም። ቢጠይቃትም መልስ የምታጣ ሴት አይደለችም።

ፊደል ግን አልቆጠረችም ነበር። ፊደሉን ያስቆጠሯት ጋሽ ሽብሩ ናቸው። ጋሽ ሽብሩ የባንኮ ጎቲቲ ተወላጅ፣ ከጀሚሊያ ቤት ጋር አንድ አጥር የሚጋሩ መምህር ነበሩ። ቀን ልጆችን፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ ትልልቆቹን ያስተምሩ ነበር። ጀሚሊያ የመጀመሪያ ልጇን አዝላ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ልጁ ሲያለቅስ ጋሽ ሽብሩ ተቀብለው ያቅፉትና በአንድ እጃቸው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። እኚህ ሰው አንድ የማይነቃነቅ ደንብ ነበራቸው። በክፍላቸው ላጲስ አይገባም። የተሳሳተ ተማሪ አንድ መስመር ያሰምርበታል፣ ከላዩ ላይ ትክክሉን ይጽፋል። ስህተት ከጠፋ ነገ ተመልሶ ይመጣል፣ ከታየ ግን ያፍራል ይሉ ነበር። ጀሚሊያ የመጀመሪያውን ዓመት ደብተሯን እስካሁን አስቀምጣዋለች፤ ከተጻፈው የተሰረዘው ይበልጣል።

ጁስ ቤቱን የከፈተችው ልጆቿ ካደጉ በኋላ ነው። ሮማን የጀመረችውም በዚያው ሰሞን ነበር፣ ጅማሬው ግን አያምርም። እንደ አቮካዶው መስሏት ፍሬውን ከነዘሩ ማሽን ውስጥ ከታ ፈጨችው። የወጣው ነገር መልኩ የጭቃ ጎርፍ፣ ጣዕሙ መራራ ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛ አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጎ፣ ከፍሎ፣ ደህና ዋሉ ብሎ ሄደ፤ ሁለተኛ አልታየም። አጥልዪው ቢሏት እምቢ አለች። በማጥለያው ላይ የሚቀረው ውስጥ ያቺ ፍሬ ብትኖርስ? ስለዚህ ጀሚሊያ ቤት ሮማን አይጨመቅም። በእጅ ተፈልፍሎ፣ አንዱ ሮማን በአንድ ብርጭቆ፣ ለአንድ ሰው ይቀርባል፣ ከማንኪያ ጋር። በልቶ ሁለት ሦስት ፍሬ ብርጭቆው ሥር ትቶ የሚነሳ ሰው ካለ፣ ጀሚሊያ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ በሩ ላይ ትቆማለች። ከጁስ ቤቷ ደንበኞች መካከል ባንክ ቤት ሥራ አስኪያጅ የሆነ ሰው ተመልሶ ተቀምጦ እንደጨረሰ ይታወቃል።

ከቤቱ ጀርባ የራሷ አንድ የሮማን ዛፍ አላት። የዲላ ዝናብ ግን ለቡናና ለእንሰት እንጂ ለሮማን አልተፈጠረም፤ ፍሬው ሊበስል ሲል ውሃ ይጠጣና ይተረተራል፣ ወፉም ቀድሟት ይበላዋል። የሚሸጠውን ኸድሩ ነው ከአዋሽ ዳር በካርቶን የሚያመጣላት። ይህን ሁሉ ያወራሁት ሮማን ለጀሚሊያ ምን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። ነገሩ የተበላሸውም በዚሁ በምትወደው በኩል ነው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የመጨረሻ ልጇ ሱመይራ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ ምክርሽ ቢያንስ ተጽፎ ይለጠፍና አንቺም ትረፊ አለቻት። ጀሚሊያ ወደደችው። አናጢ ዘንድ ሄዳ ሰሌዳ አሠራች፣ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ገዛች። ሱመይራ የሮማንን ጥቅም ከስልኳ ታነባለች፣ እናት በገዛ እጇ ትጽፋለች። እጇ ቀስ ይላል፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። ሱመይራ ስታነብ በየመስመሩ መጨረሻ አንድ ቃል ይደጋገማል። ሮማን የደም ግፊትን ለመቀነስ ሊረዳ ይችላል። ለልብ ጤና ሊረዳ ይችላል። ጀሚሊያ ብሩሹን አቆመች።

"ሊረዳ ይችላል ብለሽው ሮማን የሚገዛ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት።

ሱመይራ ጥናቱ የሚለው እንደዚያ ነው ብላ ልትከራከር ሞከረች። እናቷ ግን ሰሌዳው ጠባብ ነው፣ ቀለሙም አይበቃም አለችና "ሊረዳ ይችላል"ን ከሁሉም መስመር አስቀረችው። የቀረው እንዲህ ይላል፦ የደም ግፊትን ያወርዳል። ልብን ይጠብቃል። ሆድ ያለሰልሳል። ደም ይሆናል። የመጨረሻውን ስልኩ አላለም፤ ሮማን ቀይ ስለሆነ ጀሚሊያ ከራሷ ጨመረችው።

ሰሌዳው በተሰቀለ ማግስት ጋሽ ሽብሩ መጡ። ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ባለቤታቸው ካረፉ አምስት። ጠዋት ጠዋት ከጸሎት ሲመለሱ ጁስ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ማለት ልማዳቸው ነው። ያን ዕለት መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳውን ከላይ እስከታች አነበቡ፣ ሁለተኛም አነበቡ። እጅሽ ተስተካክሏል አሏት። ጀሚሊያ በሃምሳ ዓመቷ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አፈረች፣ ደስም አላት። አርባ ዓመት ሙሉ የተጻፈ ነገር አንብቡ፣ በወሬ አትመኑ እያሉ ያስተማሩ ሰው ደግሞ የተጻፈ ነገር ሲያነቡ ያምናሉ። በተለይ ራሳቸው ያስተማሩት እጅ የጻፈው ከሆነ። ጋሽ ሽብሩ የደም ግፊት ከያዛቸው ሁለት ዓመታቸው ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ሮማን ይበሉ ጀመር። ሻያቸውን ያለ ስኳር አደረጉ፣ ቅቤውንም ቀነሱ፣ ከቤት እስከ ጸሎት ቤትና እስከ ጁስ ቤቱ በእግራቸው ይመላለሳሉ። ክኒኑንም ይውጡ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ መድኃኒት ቤት ጎራ ብለው ቢለኩ ግፊቱ ወርዶ ወርዶ የጤነኛ ሰው ሆኗል። ሰውዬው ምን እንዳወረደው አልመረመሩም። ክኒኑ ሁለት ዓመት አብሯቸው የኖረ ነገር ነው፤ አዲሱ ሮማኑ ነው። ወደ ቤት ገቡና የክኒኑን ፓኮ መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘጉት።

ሁለት ሳምንት ሲሞላቸው፣ እሑድ በጸሎት ቤቱ የምስክርነት ጊዜ ተነሡ። ጌታ በጎረቤቴ በጀሚሊያ ሮማን ፈወሰኝ፣ እነሆ ክኒኔን ካቆምኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ፣ እልል አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጀሚሊያ ዛሬም እየሳቀች ነው የምታወራው። ሰኞ ጠዋት ጁስ ቤቷን ስትከፍት በሩ ላይ መዘምራን ቆመዋል። ማክሰኞ ከገጠር የመጡ ገበሬዎች ጨመሩ። ሐሙስ ዕለት ኸድሩ ሁለት እጥፍ ካርቶን ጭኖ ሲመጣ መንገዱ ላይ የተሰለፈውን አይቶ ሰው የሞተበት ቤት መስሎት ደንግጦ ነበር። ሂጃብ ለባሿ ባለ ጁስ ቤት በጌታ ስም ስትመረቅ ዋለች፤ እሷም አሜን ስትል ዋለች፤ ምርቃት አይመለስም።

ጋሽ ሽብሩ መሰከሩልሽ ብለው ሁሉም ነገሯት። ክኒን አቆሙ ብሎ የነገራት ግን አንድም ሰው አልነበረም። ከተማው ሁሉ እሷም ታውቃለች ብሎ አስቧል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር አለፈ፤ ጀሚሊያ እየፈለፈለች ትደሰታለች፣ ጋሽ ሽብሩ እየበሉ ይመርቃሉ።

ኤልቤቴል የመጣችው አንድ ቅዳሜ ነው። የጋሽ ሽብሩ ብቸኛ ሴት ልጅ ናት፤ ቡሌ ላይ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ትሠራለች። የቡሌ መንገድ ሲዘንብ መኪና ስለማይደፍረው የምትወርደው አልፎ አልፎ ነው። ጫማዋ ላይ የደጋው ጭቃ ሳይደርቅ ገባች። ምንም አላዘዘችም። ከቦርሳዋ የክኒን ፓኮ አውጥታ ባንኮኒው ላይ፣ ከሮማኑ ጎን አስቀመጠችው።

"እትዬ ጀሚሊያ፣ ይሄ የአባዬ ነው። ከወር በላይ አንድም አልነካም። አሁን ለካሁት፤ መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር ነው።"

ጀሚሊያ ቁጥሩን አላወቀችውም፤ የልጅቷን ፊት ግን አወቀችው። ኤልቤቴል አልጮኸችም። ሰው በዚህ ቁጥር ላይ ቆሞ ይሄዳል፣ ይስቃል፣ ይመሰክራል፤ አንድ ቀን ግን ግማሽ ሰውነቱ አልታዘዝ ብሎት ከቆመበት ይወድቃል አለቻት። አንገታቸውን እንደሚያማቸው፣ ጠዋት ሲነሡ ግድግዳ እንደሚይዙ አባቷ ራሳቸው ነግረዋታል፤ ክኒኑን ግን እምቢ ብለዋል። ጀሚሊያ የያዘችውን ሮማን አስቀመጠችና ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ያን ሰሌዳ የጻፈው የሷ እጅ ነው፤ እጁን ደግሞ ፊደል ያስያዙት እሳቸው ናቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሮማን ከዛሬ በኋላ አልሸጥም ይል ነበር። እሷም ብላ ነበር። ኤልቤቴል ናት ያስተወቻት። ሮማኑ ምን በደለ አለች። እንዲያውም ከነዘሩ መብላቱ ትክክል ነው፤ ፋይበሩ ያለው እዚያ ነው፣ ሆድ የሚያለሰልሰውም እሱ ነው፣ ቢጣል ኖሮ የሚቀረው ስኳርና ውሃ ነበር። ቫይታሚን ሲ አለው፣ ፖታሲየም አለው፣ ቀይ የሚያደርገው ነገር ራሱ ለደም ሥር ጥሩ ነው። ግፊትንም ትንሽ ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ትንሽ። እንደ ጥሩ ረዳት እንጂ እንደ ሹፌር አይደለም። ደም ይሆናል የሚለው ደግሞ መልኩን አይቶ የተባለ ነው፤ ብረቱ ያለው ጎመኑና ባቄላው ውስጥ ነው፣ ሮማኑ ግን ሰውነት ያንን ብረት እንዲቀበል ያግዛል። አንዳንድ ክኒን ከሮማን ጋር ስለማይስማማ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም፤ የአባቷን ሐኪም ጠይቃለች፣ የሳቸው ይስማማል። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ትንሽ ትንሽ ይብላ አለች። ይህች የመጨረሻዋ ጀሚሊያን አስጨነቀቻት፤ ሮማን በሷ ቤት አይከፈልም። ስኳር ላለባቸው ከካርቶኑ ትንሿን ሮማን እየመረጠች ልትሰጥ ወሰነች፤ እስካሁንም እንደዚያው ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በአጥሩ በር አልፋ ጋሽ ሽብሩ ዘንድ ገባች። አጠፋሁ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ከልክ ያለፈ ነው፣ እባክዎን ክኒኑን ይዋጡ አለቻቸው። ጋሽ ሽብሩ ሰሟት። መዋሸት አያውቁምና አንገታቸው እንደሚያማቸው አመኑላት። ግን ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆመው ጌታ ፈወሰኝ ብለዋል፤ አሁን ተመልሰው ክኒን ቢውጡ ያ ሁሉ እልልታ ምን ሊሆን ነው?

"የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ" አሏት።

የወለዷት እኮ ጓዳ ቆማ ትሰማለች፤ ኤልቤቴል ሻይ ልታፈላ ገብታ ነበር። ጀሚሊያ የልጅቷን ጀርባ አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ በመጣችበት በአጥሩ በር ተመልሳ ወጣች። ጀሚሊያ ምክር ያጣችበት ቀን ቢኖር ያ ነው። ኸድሩ ማታ ቤት ሲገባ ዝም ብላ አግኝቷት ትኩሳት እንዳላት ግንባሯን ነክቶ አየ።

እሑድ ጁስ ቤቱን አልከፈተችም። ቁም ሳጥን ስታገላብጥ ዋለች፤ ልታስተካክል ነበር የጀመረችው፣ በመሃሉ የድሮ ደብተሯን አገኘች። ቁጭ ብላ ገለጠችው። መስመር የተሰመረበት ፊደል፣ ከላዩ ትክክሉ፣ እንደገና መስመር፣ እንደገና ትክክሉ። ደብተሩን ዘጋችና ሱመይራን ያ ቀይ ቀለም ደርቆ እንደሆነ እስቲ እዪልኝ አለቻት። አልደረቀም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሽብሩ እንደ ልማዳቸው ከጸሎት ሲመለሱ መጡ። ኤልቤቴልም ፈቃድ ጠይቃ ቀርታ ስለነበር ከኋላቸው ነበረች። ጁስ ቤቱ ሙሉ ነው፤ መዘምራን አሉ፣ ገበሬዎች አሉ፣ የባጃጅ ሹፌሮች በሩ ላይ ቆመዋል። ጀሚሊያ ሰው መብዛቱን አይታ ልቧ ፈራ፣ ግን የፈለገችውም ይህንኑ ነበር። በርጩማ አምጥታ ሰሌዳው ሥር ቆመችበት። ኸድሩ በርጩማውን ያዘላት። ሁሉም ሌላ ጥቅም ልትጨምር ነው ብሎ ጠበቀ።

ብሩሹን ነክራ "የደም ግፊትን ያወርዳል" በሚለው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር አሰመረች። ከላዩ፣ በጠባቧ ቦታ፣ ፊደሎቹን እያጠበበች ጻፈች፦ ግፊት ላለበት ሊረዳ ይችላል። ክኒኑን ግን አይተካም። "ደም ይሆናል" የሚለውንም ሰረዘችው። ከበርጩማው ወርዳ ወደ ጋሽ ሽብሩ ዞረች። እጇ በቀይ ቀለም ተነክሯል።

"ጋሼ፣ ላጲስ አልተጠቀምኩም" አለቻቸው።

ጋሽ ሽብሩ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። አንድ ገበሬ ለጓደኛው ምን ተጽፎ ነው ሲል በሹክሹክታ ጠየቀ፤ ጓደኛው አነበበለት። ጀሚሊያ እጇን ታጥባ ባንኮኒው ጋ ተመለሰች፣ ነጩን ጨርቅ አነጠፈችና ከካርቶኑ ትልቁን ሮማን መርጣ መፈልፈል ጀመረች። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አላቋረጣትም። ብርጭቆው ሲሞላ ከኤልቤቴል ፓኮ አንድ ክኒን ፈልቅቃ ከቀዩ ፍሬ አናት ላይ አስቀመጠችው። ነጭ ስለሆነ ከሩቅም ይታያል። ብርጭቆውንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ወጥታ ፊታቸው አቀረበች።

"የኔን ቤት ሕግ ያውቁታል፤ ከብርጭቆው አንድ ፍሬ አይቀርም" አለች። ብርጭቆውን ወደሳቸው ገፋ አደረገችው። "የትኛዋ ከጀነት እንደሆነች አላውቅም። ዛሬ ግን ነጯ ብትሆንስ?"

ጋሽ ሽብሩ መጀመሪያ ክኒኑን አዩ፣ ቀጥሎ ልጃቸውን። ኤልቤቴል እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ሽማግሌው ክኒኑን በሁለት ጣታቸው አነሡ።

"በቀይ ቀለም የሚያርመው እኮ መምህሩ ነበር" አሉ።

"መምህሩ እረፍት ላይ ስለነበሩ ነው" አለች ጀሚሊያ።

በውሃው ዋጡት። ከዚያ ማንኪያውን አንሥተው፣ ቀስ እያሉ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እያያቸው፣ ሮማኑን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በሉ። አንድ መዘምር አጨበጨበ፤ የሚያጨበጭበው እሱ ብቻ መሆኑን ሲያይ አፍሮ አቆመ፣ ከዚያ ሌሎቹ ጀመሩለት። ኸድሩ በርጩማውን ይዞ እንደቆመ ቀርቶ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ሽብሩ በምስክርነት ጊዜ እንደገና ተነሡ። ጀሚሊያ እዚያ አልነበረችም፤ የነገረቻት ኤልቤቴል ናት። ባለፈው ከመሰከርኩት አንድ መስመር ልሰርዝ ነው የቆምኩት አሉ አሉ። ፈውስ ከጌታ ነው፤ ሮማኑም የሱ ፍጥረት፣ ክኒኑን የሠራው ጭንቅላትም የሱ ፍጥረት ነው፤ እኔ ግን አንዱን ተቀብዬ አንዱን መለስኩበት አሉ። እንደ መጀመሪያው አልተጨበጨበላቸውም። ከአምልኮ በኋላ ግን ኤልቤቴልን በየጥጉ እየጠሩ እኔም ክኒኔን ትቼው ነበር ያሏት ሰዎች አሥራ አንድ ሆኑ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እነዚህ እንኳን በጊዜ ተናገሩ። አሥራ አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጣ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ ኤልቤቴል ለጀሚሊያ አልነገረቻትም፣ ጀሚሊያ ግን የዚያን ቀን ስብከት የሰበከው ማን እንደነበር ጠይቃ ደረሰችበት።

ሰሌዳው አሁንም እንደተሰረዘ ተሰቅሏል። ሱመይራ በአዲስ ቀለም እንደገና እንጻፈው ብትላት እናቷ አልሰማችም። የሰሌዳውን ነገር የማያውቅ መንገደኛ ለምን አላጠፋሽውም ብሎ ከጠየቃት የሚቸኩል ከሆነ ይጎዳል፤ ከመጀመሪያው ጀምራ ነው የምትነግረው።

በገና ሰሞን ኤልቤቴል ወርዳ ነበር። የአባቷን ግፊት የለካችው እዚያው ባንኮኒው ላይ፣ አቮካዶውን ገፋ አድርጋ ነው። የመለኪያው ጨርቅ አየሩ እስኪወጣ የባጃጅ ሹፌሮቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። መቶ ሠላሳ ሁለት በሰማንያ አለች። አልሃምዱሊላህ አለች ጀሚሊያ፣ ሃሌ ሉያ አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ ኸድሩ ደግሞ እንግዲህ ምክሩ ይብቃ፣ ዛሬስ ምርቃቱን ቅጂልን አላት፤ ይህን ያለው ከተማው ውስጥ ሆኖ፣ ሚስቱ እየሰማችው ነው። ጋሽ ሽብሩ የያዙትን የሮማን ብርጭቆ ለጀሚሊያ መለሱላት። ወደ በሩ ብርሃን አንሥታ ሥሩን አየችው፤ ባዶ ነበር።